ሰብለ ወንጌልን ማን አስነበባት? ንባብ፣ ጉርምስና እና የአማርኛ ክፍለ ጊዜ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የሚታወቀው የፍቅር ታሪክ የሚጀምረው በትምህርት ሰዓት ነው፡፡ ፊታውራሪ መሸሻ በዛብህን ወደ ቤታቸው ያስመጡት ለልጃቸው ባል ፈልገው አይደለም፤ ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምርላቸው ነው፡፡ የቀረውን ያላነበበውም ሰው ሰምቶታል፡፡ ሀዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በ1958 ዓ.ም ሲያሳትሙ ስለ ባላባቱ፣ ስለ ገበሬውና ስለ ቤተ ክህነቱ ብዙ ሊነግሩን ፈልገዋል፡፡ እኛም ስለ መጽሐፉ ስናወራ የምናነሣው ይህንኑ ነው፡፡ አንድ ተራ የሚመስል ነገር ግን እናልፈዋለን፤ በዚያ ቤት የንባብ ክፍለ ጊዜ የሚናፈቅ ነበር፡፡

ዛሬ ከ9ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል የአማርኛ ክፍለ ጊዜ የሚናፍቀው ስንቱ ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፡፡ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውንም ዓረፍተ ነገር እናውቀዋለን፤ “የዘንድሮ ልጆች አያነቡም”፡፡ ይህ አባባል ከስንፍና የመጣ ይመስለኛል፡፡ እነዚሁ ልጆች እኩለ ሌሊት ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ በቴሌግራም የሚለቀቅ ተከታታይ ልብ ወለድ “ክፍል 14” እስኪመጣ ይጠብቃሉ፡፡ “ይቀጥላል...” የምትለዋ ቃል ስትመጣ ስልካቸውን ሊወረውሩት ይደርሳሉ፡፡ የማያነብ ሰው እንዲህ አይበሳጭም፡፡ ስለዚህ “ለምን አያነቡም?” ከማለት “ክፍል ውስጥ ለምን አያነቡም?” ብሎ መጠየቁ ይሻላል፡፡ መልሱን ደግሞ በከፊል ከራሳችን ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን፡፡

ድምፅ ይቀድማል

ከቄስ ትምህርት ቤት እንነሣ፡፡ ሕፃኑ ሀሁ ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ ፊደለ ሐዋርያ ይለያል፣ ከዚያ ንባብ ይገባል፡፡ ንባቡ በድምፅ ነው፤ ዜማ አለው፣ ውጣ ውረድ አለው፡፡ መጨረሻው ዳዊት መድገም ነው፡፡ ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት ቤተሰቡ ደስታውን በድግስ ይገልጻል፡፡

ይህ ትምህርት የሚወቀስበት ነገር ግልጽ ነው፡፡ የሚነበበው በግዕዝ ነው፤ ልጁ የሚያነበውን አይረዳም፡፡ ወቀሳው ትክክል ነው፡፡ ግን እዚህ ላይ ካቆምን የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው ያየነው፡፡ ያ ልጅ ጎረምሳ ሆኖ ትምህርቱን ከቀጠለ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለና ቁራሽ እየለመነ ቅኔ ቤት ይገባል፡፡ እዚያ ሁሉ ነገር ይገለበጣል፡፡ መምህሩ ቅኔ ይነግራል፣ ተማሪው ይሰማል፣ ከዚያ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፡፡ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፡፡ የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ አዲስ ይዞ መምጣት አለበት፡፡ ሰሙን ለይቶ ወርቁን የሚፈልገውም ከጓደኞቹ ጋር እየተከራከረ ነው፡፡

እስኪ አስቡት፡፡ “ኋላ ቀር” የምንለው ትምህርት ቤት ለሕፃኑ ቃልን ሰጥቶ ለጎረምሳው ግን ራሱ የሚናገርበትን መብት ይሰጠዋል፡፡ በዕድሜው የሚመጣውን ለውጥ ያውቃል፡፡ ለ16 ዓመት ልጅ የ8 ዓመት ልጅን ትምህርት አይሰጠውም፡፡

እ.ኤ.አ. 1908፤ ሁለት ልደቶች

እ.ኤ.አ. በ1908 ሁለት ነገሮች ተወለዱ፡፡ አንደኛው አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው፡፡ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ፤ ትኩረቱም የውጭ ቋንቋ ላይ ነበር፡፡ ሁለተኛው ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ “ልብ ወለድ ታሪክ” ነው፤ ዛሬ “ጦቢያ” የምንለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፡፡ “ልብ ወለድ” የሚለው ስም ራሱ ለዘርፉ የተረፈው ከዚያ ርዕስ ነው፡፡

ዘመናዊው ትምህርት ቤታችንና ዘመናዊው ልብ ወለዳችን በአንድ ዓመት፣ በተለያየ ሀገር ተወለዱ ማለት ነው፡፡ አንዳንዴ ሳስበው እስከ ዛሬም በወጉ የተዋወቁ አይመስለኝም፡፡

ትምህርት ቤቱ ተረት አልጠላም፡፡ ከጣልያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ የከበደ ሚካኤል “ታሪክና ምሳሌ” የብዙ ተማሪዎች መጽሐፍ ሆነ፡፡ አያቶቻችን ዛሬም በቃላቸው ይሉታል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡ የተማሩት ግጥም ሆኖ፣ ቤት እየመታ፣ ጮክ ብለው እያነበቡት ስለነበር ከጆሯቸው አልወጣም፡፡ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ከዚህ መጽሐፍ የወሰደው ዜማውን ሳይሆን ምክሩን ብቻ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ ምንባብ ማለት መጨረሻው ላይ ትምህርት የሚሰጥ ጽሑፍ ሆነ፡፡ ከሥሩ “የአንቀጹ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?” የሚል ጥያቄ፣ ከጥያቄው ሥር ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ፡፡

ተረቱ የምክር መጠቅለያ ከሆነ የ10 ዓመት ልጅ መጠቅለያውን ወዶ ምክሩንም ይበላል፡፡ የ16 ዓመት ልጅ ግን ምክር ከሩቅ ይሸተዋል፡፡ ገና ርዕሱን ሲያየው ይሸሻል፡፡

በሬዲዮ የገባው መጽሐፍ

“ፍቅር እስከ መቃብር” ከወረቀት ወጥቶ ሕዝብ ቤት የገባው እንዴት ነው? መጽሐፉን የገዛው ሰው ቁጥር መቼም ከሰሙት ጋር አይወዳደርም፡፡ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ “ከመጻሕፍት ዓለም” ፕሮግራም ላይ ተረከው፡፡ ወጋየሁ በዚያ ድምፁ ፊታውራሪውንም ጉዱ ካሣንም ሆነ፡፡ ሰው ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት እየሄደ ሰማ፡፡ ማንበብ የማይችለውም፣ የሚችለውም እኩል ተቀምጦ ሰማ፡፡ የሳምንቱ ትረካ ሲያልቅ “ቀጥሎ ምን ይሆናል?” የሚለው ክርክር በየሰፈሩ ቀረ፡፡ መልሱን ቶሎ ማወቅ የፈለገ ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፤ መጽሐፉን ፈልጎ ማንበብ፡፡

መጻሕፍት አከራዮችም በዚሁ ሥነ ልቦና ነው የኖሩት፡፡ በየሰፈሩ በሳንቲም መጽሐፍ የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ፡፡ ኪራዩ በቀን ስለሚቆጠር ልጁ መጽሐፉን በአንድ ሌሊት መጨረስ ነበረበት፡፡ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን፣ የወመዘክርን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ስንትና ስንት አንባቢ ከእነዚህ ሱቆች ወጥቷል፡፡ ማንም “ዋና ሐሳቡ ምንድን ነው?” ብሎ አልጠየቀውም፡፡ የሚጠይቀው ጓደኛው ነው፤ ጥያቄውም “አለቀ ወይ? ተራዬ ነው” የሚል ነው፡፡

የሲጋራ ወረቀት ላይ

አሁን ወደ ከባዱ ምሳሌ እንሂድ፡፡ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እስረኞቹ እጅ ገባ፤ የማርጋሬት ሚቸል ወፍራም ልብ ወለድ፡፡ አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ ሰው፡፡ እንግሊዝኛ የማይችለውም ታሪኩን መስማት ፈለገ፤ ነቢይም በቃሉ እየተረጎመ ይተርክላቸው ጀመር፡፡ በኋላ ትርጉሙን መጻፍ ያዘ፡፡ ወረቀት ስለሌለ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት እያቃና ጻፈበት፡፡ 3,000 ያህል እንደዚህ ያሉ ቁርጥራጮች ሞሉ፤ ከእስር የሚፈቱ ሰዎችም እየደበቁ አወጧቸው፡፡ “ነገም ሌላ ቀን ነው” እንዲህ መጽሐፍ ሆነ፡፡ ነቢይ እ.ኤ.አ. በ2024 አረፈ፡፡

ይህንን ታሪክ የምንናገረው አብዛኛውን ጊዜ የጽናት ምሳሌ አድርገን ነው፤ ልክ ነው፡፡ ለእኔ ግን ስለ ንባብም ትልቅ ነገር ይነግረኛል፡፡ ያ ክፍል ከማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት የባሰ የተጨናነቀ ነበር፡፡ መማሪያ መጽሐፍ የለም፣ ሰሌዳ የለም፣ ወረቀት የለም፡፡ የነበረው አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ተራኪና መጨረሻውን ለማወቅ የጓጓ ሰው ብቻ ነው፡፡ እሱ በቂ ነበር፡፡

ማንበብ ማስተማር እና መጽሐፍ መስጠት

መንግሥታዊው ወገን በበኩሉ በማንበብ ላይ ዘምቷል፡፡ በ1967 ዓ.ም በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፡፡ በ1971 ዓ.ም ሐምሌ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ፤ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ 15 ደረሰ፡፡ ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል፡፡

ስለዚህ ዘመቻ ሲወራ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ጎረምሶች ነበሩ፡፡ አባቱ የሚሆን ገበሬ ፊት ቆሞ ፊደል ለማስቆጠር የተገደደ ልጅ፣ ትናንት ክፍል ውስጥ ያላየውን ክብር አየ፡፡ ንባብ የሚፈተንበት ነገር መሆኑ ቀርቶ ለሌላ ሰው የሚሰጠው ነገር ሆነለት፡፡

የዘመቻውን ሌላ ገጽ አለማንሣት ግን ውሸት ይሆናል፡፡ ያው መንግሥት በቀይ ሽብር ጊዜ ስንት ወጣት ፈጅቷል፡፡ በ1975 ዓ.ም የራሱ ማተሚያ፣ ኩራዝ አሳታሚ፣ ያወጣውን የበዓሉ ግርማን “ኦሮማይ” ወዲያው ከገበያ ሰበሰበ፡፡ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፡፡ ሕዝቡን አንብብ ያለ መንግሥት የሚነበበውን ነጠቀ፡፡ ውጤቱም የታወቀ ነው፤ “ኦሮማይ” ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ተደብቆ ተነበበ፡፡ ማንበብ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ መስጠት ሌላ፡፡ ሁለተኛውን ትምህርት ቤቶቻችን እስከ ዛሬ በደንብ አልያዙትም፡፡

ይህንን ከዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የበለጠ የሚያስረዳ የለም፡፡ ዮሐንስ ከትምህርት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበበው በ19 ዓመቱ ነው፡፡ መጽሐፉ ታላቅ ድርሰት አልነበረም፤ ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር፡፡ ያቺ መጽሐፍ ግን ሕይወቱን ቀየረችው፡፡ ተሰዶ አሜሪካ ገባ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነ፤ መደርደሪያው ላይ የሀገሩን ልጆች የሚመለከት መጽሐፍ ሲያጣ “ቂሉ ማሞ”ን በሁለት ቋንቋ አሳተመ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፡፡ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየጫነ ወደ ልጆቹ ወሰደ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጠው፡፡ የዚህ ሁሉ መነሻ አንዲት “ረብ የለሽ” የፍቅር መጽሐፍ ናት፡፡ አማርኛ አስተማሪዎች ተማሪ ጉያ ውስጥ የፍቅር መጽሐፍ ሲያገኙ ከመንጠቃቸው በፊት ይህንን ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል፡፡

ዋጋው ምንድን ነው?

“ልብ ወለድ ባይወዱስ ምን ይጎድላቸዋል?” የሚል አይጠፋም፡፡ የሚጎድለው እንዲህ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከ3 አንዱ ገደማ በክፍላቸው ደረጃ ከተዘጋጀ ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም፡፡ እነዚያ ልጆች አድገው ሁለተኛ ደረጃ ገብተዋል፡፡ በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፡፡ የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ንባብ ብቻ ነው አልልም፤ ጦርነቱም፣ ኮቪዱም፣ የፈተና ኩረጃው መቆሙም አለ፡፡ ግን ታሪክም ሆነ ፊዚክስ፣ ጥያቄው የሚመጣው በአንቀጽ ተጽፎ ነው፡፡ ረጅም ጽሑፍ ሳይፈራ የሚገባ ልጅ በየትኛውም ፈተና አንድ እርምጃ ቀድሞ ይቆማል፡፡ ከፈተናም ውጭ፣ የሥራ ውል የሚፈርመው፣ የሐሰት ወሬ የሚያጣራው በዚሁ ችሎታ ነው፡፡

የሌላው ዓለም ልምድም ከእኛው ታሪክ ጋር ይስማማል፡፡ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በፊጂ ገጠር ባሉ 8 ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ 250 የሚስቡ የእንግሊዝኛ ተረት መጻሕፍት ተከፋፈሉ፤ ልጆቹም ሰዋስው ላይ ከተኮረባቸው እኩዮቻቸው ሁለት እጥፍ ገደማ በሆነ ፍጥነት በንባብ ተሻሻሉ፡፡ ፈረንሳዊው ደራሲና የቋንቋ መምህር ዳንኤል ፔናክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፉ መጻሕፍትን የሚጠሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ልብ ወለድ ጮክ ብሎ ስለሚያነብ መምህር ይተርካል፤ ማስታወሻ መያዝ የለም፣ ጥያቄ የለም፡፡ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጆቹ መምህሩን መጠበቅ አቅቷቸው መጽሐፉን ራሳቸው ይጨርሱታል፡፡ ፔናክ ለአንባቢ 10 መብቶች ሲዘረዝር የመጀመሪያው አለማንበብ ነው፤ ጀምሮ መተውም መብት ነው፡፡ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ወጋየሁ በሬዲዮ፣ ነቢይ በእስር ቤት ያደረጉት እኮ ይኸው ነው፡፡

አሥር ደቂቃ

እንግዲህ ወደ ክፍል እንመለስ፡፡ መምህራን የሚያቀርቡትን ምክንያት እናውቀዋለን፤ ክፍሉ ስልሳ ሰባ ተማሪ የታጨቀበት ነው፣ መጽሐፍ ውድ ነው፣ ሲለበሱ (የትምህርት መርሐ ግብሩ) አያልቅም፡፡ ሁሉም እውነት ነው፡፡ ግን ጮክ ብሎ ማንበብ ስልሳ መጽሐፍ አይጠይቅም፤ አንድ ይበቃዋል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2004 የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ፕላዝማ ሲሰቀል፣ ታላላቆቻችን ከቴሌቪዥን ጋር እሽቅድምድም ሲገቡ፣ ስርጭቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር አማርኛ በመምህሩ ድምፅ ላይ ቀርቶ ነበር፡፡ ያኔ እንደ ኋላ ቀርነት ታይቶ ይሆናል፡፡ እኔ ግን የዕድል ያህል አየዋለሁ፡፡ የአማርኛ መምህር በእጁ ያለው ትልቁ መሣሪያ ድምፁ ነው፡፡

የሚጠየቀው ቀላል ነው፡፡ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር 10 ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበብ፤ ታሪኩ የጋለበት ቦታ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን መዝጋት፡፡ ከሥሩ ጥያቄ አለመጠየቅ፤ ጥያቄው ከተማሪው ይምጣ፡፡ የክፍሉ ጥግ ላይ አንድ ካርቶን ማስቀመጥ፤ ተማሪው ካለው የሚያዋጣበት፣ የፈለገውን የሚወስድበት፣ ካልጣመው የሚመልስበት፡፡ መርማሪ ልብ ወለድም፣ የፍቅሩም፣ የእግር ኳሱም መጽሐፍ እዚያው ይግባ፡፡ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ወርዶ ለ3ኛ ክፍል ልጆች ያንብብ፤ ዘመቻ ሳይታወጅ፣ ማንም ሳያስገድደው፡፡ የቅኔ ቤቱም ልማድ አይቅር፤ በወር አንዴ ተማሪው የራሱን ይዞ ይምጣ፣ በቴሌግራም የሚጽፈውንም ቢሆን፡፡

በ2014 ዓ.ም አራት ኪሎ አካባቢ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል፤ ሕንፃው ያምራል፣ ወጣቱም ይሞላዋል፡፡ ሆኖም ወደዚያ የሚሄደው ልጅ አስቀድሞ ሌላ ቦታ መጽሐፍ የወደደ ልጅ ነው፡፡ ያ “ሌላ ቦታ” ለአብዛኛው ልጅ ቤቱ አይደለም፤ ቤቱ መጽሐፍ የለምና፡፡ ክፍሉ ካልሆነ የትም አይሆንም፡፡

የአማርኛ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፡፡ አሥሩን ለታሪክ ስጡት፡፡ ሰላሳው ለሰዋስው ይበቃል፡፡